አሥራ አንድ ሚሊ

ሰኞ፣ 26 ሰዓት

ከዛሬ ጀምሮ ከቀኑ ጎን የበረርኩትን ሰዓት ድምር እጽፋለሁ። እዚህ የሄሊኮፕተር ትምህርት ቤት ቀኑ ይሮጣል፣ ሰዓቱ ግን ባለበት ይረግጣል። ሽቶው 22 ሰዓት ሲሞላው ብቻውን በረረ። እኔ 26 ሞልቼም አስተማሪያችን ካፒቴኑ ዛሬም ግራ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣቱን ከመሪው አልነቅልም አለ። የሱ እጅ ካለበት የበረርኩት እኔ ነኝ ወይስ እሱ? ጠየቅሁት። «ቀስ ይበሉ» አለኝ። መልሱ ይኸው ነው።

ሽቶው አብሮኝ የሚማር የሕንፃ ተቋራጭ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ከሱ ቀጥሎ የበረረ ሰው የሱን ሽቶ ለብሶ ቤቱ ይገባል። «ማዘር» ይለኛል። በመካከላችን ያለው አሥራ ሦስት ዓመት ነው! ካፒቴኑ ደግሞ እሱን «አንተ»፣ እኔን «እርስዎ» ይላል። አክብሮት እንዳይመስል፤ ዕድሜዬን ማስታወሻ ነው።

ረቡዕ፣ 26 ሰዓት

ነፋስ። አልበረርንም።

ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንድ አዲስ ተማሪ «ለምንድን ነው ሄሊኮፕተር የሚማሩት?» አለኝ። ሽቶውን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ወንድ ከሆነ «ስለፈለግኩ» ይበቃል። የአርባ ሰባት ዓመት ሴት ከሆነች፣ ያውም ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ከሆነ፣ ማብራሪያ ታቅርብ። እኔም ስለፈለግኩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አጎንብሼ ከሰምና ከጀሶ የሰው ጥርስ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። ቀና ብዬ፣ ከዚያም አልፌ ከላይ ሆኜ ማየት አማረኝ። ወንጀል ነው?

ያልነገርኩት ነገር ቢኖር የዓይን ሐኪሙን ነው። የዓይኔ ግፊት ከፍ ብሏል አለኝ። የዘንድሮውን የአብራሪ ጤና ወረቀት ፈርሞልኛል፣ «የሚቀጥለውን ግን ቃል አልገባልዎትም» አለ። ወረቀቱ ከዚህ የበረራ ወቅት ጋር አብሮ ያበቃል። የበረራ ፈቃድ ፈታኙም የሚመጣው በወቅቱ መጨረሻ አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኔ «ቀስ ይበሉ» የሚባል ነገር የለም። ወይ ዘንድሮ ነው፣ ወይ መቼም አይደለም።

ቅዳሜ፣ 28 ሰዓት

መካኒኩ ዛሬም «ዶክተር» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ጥርስ ሠሪ ነኝ ብዬ ስንቴ ልንገረው። «እኔም የሄሊኮፕተር ጥርስ ሠሪ ነኝ፣ አንቺ የሰው፤ ሁለታችንም ዶክተር ነን» አለና ሳቀ። እሱን ሰው መቆጣት አይቻልም።

ሄሊኮፕተሯ በምታድርበት ሀንጋር በር ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ መዝገብ አለ። ማሽኗ ላይ ማንኛውም ነገር ያደረሰ ሰው፣ መቧጨርም ይሁን ጠንከር ያለ ማረፍ፣ ሳይጠየቅ እዚያ ላይ ይጽፋል። «የጻፈ አይቀጣም፣ ያልጻፈ አይበርም» ይላል ካፒቴኑ። ጥሩ ሕግ ነው፣ ለሚያምነው። ባለፈው ወር ሽቶው ሮተሩን፣ ከላይ የሚዞሩትን ክንፎች፣ ከልኩ በላይ እንዳሽከረከረ ጻፈ። አልተቀጣም። ማሽኗ አራት ቀን ቆመች፣ እሱም እንደገና አምስት ሰዓት ከአስተማሪ ጋር እንዲበር ተደረገ። ታዲያ ቅጣት ማለት ምንድን ነው? እጅ ላይ መገረፍ ብቻ ነው?

ማክሰኞ፣ 31 ሰዓት

ብቻዬን በረርኩ!

ካፒቴኑ መሬት ላይ እንደቆምን በሩን ከፍቶ ወረደ፣ ቀበቶውን ባዶው ወንበር ላይ አሰረና «አሁን እኔ ስለሌለሁ ወደርስዎ በኩል ትጋደላለች። ሲያርፉ ቀኝ ማረፊያ እግሯ ቀድሞ መሬት ይነካል። ግራ እጅዎን ቀስ አድርገው ያውርዱ፣ አይጣሉት» አለኝ። በግራ እጅ የሚያዘው መሳቢያ ነው የሚያነሳትና የሚያወርዳት። ሳብ ሲያደርጉት ትነሳለች፣ ሲለቁት ትወርዳለች።

ተነሳሁ። ወንበሩ ባዶ ነው። የወንዙ መታጠፊያ፣ የጡብ ፋብሪካው ጣሪያ፣ የልጄ ትምህርት ቤት። አለቀስኩ፣ ማንም አላየኝም። ስወርድ ካፒቴኑ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ሁለተኛው ዙር ላይ ትንሽ ፈጠኑ።» እንኳን ደስ ያለዎት የለ፣ እጅ መጨበጥ የለ። ሽቶው ግን እየሮጠ መጥቶ «ማዘር ገደልሻት!» ብሎ አቀፈኝ። ቤቴ እስክገባ ሽቶውን ሸተትኩ።

እሑድ፣ 35 ሰዓት

ልጄ አሥራ ሰባት ሞላት። ፈቃዴን ሳገኝ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እሷ ናት፤ ቃል አስገብታኛለች። የምትቀመጥበትን የግራ ወንበር ሳይቀር ወረቀት ላይ ሥላ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ፈተናው ከነገ ሁለት ሳምንት ሰኞ ነው። እኔና ሽቶው ተመዝግበናል።

ሐሙስ፣ 38 ሰዓት

ብቻዬን አራት ዙር። ሦስቱ ጥሩ። አራተኛው ላይ ነፋስ መጣ። ማረፉ ጠንከር አለ። ትንሽ። ሥራ ረፍዶብኛል፣ መሄድ አለብኝ።

ዓርብ፣ 38 ሰዓት (የምሳ ሰዓት)

የትናንቱን ለራሴ ያህል በሥርዓቱ ልጻፈው። ማሽኗ ልታርፍ ስትል አየር ላይ ቆማለች፣ ከመሬት ጉልበት የሚያህል ከፍታ ላይ። ነፋሱ ከጎን ገፋት። እኔም ቶሎ መሬት ላድርጋት ብዬ ግራ እጄን አወረድኩ። ወረደች። ድምፅ ነበረው። ወርጄ ዞሬ አየኋት። ምንም የለም። የተሰነጠቀ የለ፣ የሚንጠባጠብ ዘይት የለ። ካፒቴኑ ቢሮ ውስጥ ስልክ ላይ ነበር፣ መካኒኩ ምሳ ሄዷል።

መዝገቡ የብልሽት መዝገብ ነው። ብልሽት አላየሁም። ያላዩትን መጻፍ ደግሞ ውሸት ነው።

እና ይህን ሁሉ ለምን እንደምከራከር አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም።

ዓርብ፣ ከሥራ በኋላ

ከላቦራቶሪው መለኪያዬን ይዤ በሀንጋሩ በኩል አለፍኩ። ለማወቅ ያህል ብቻ ነው። ከሆዷ እስከ ወለሉ በግራም በቀኝም ለካሁ። ቀኙ በአሥራ አንድ ሚሊ ያንሳል።

የሀንጋሩ ወለል ጠማማ ነው። ሲሚንቶውን ማን እንዳፈሰሰው እንጃ! እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማሽን አቁመው ስለ ጥንቃቄ ይሰብኩናል። በእኔ ሥራ አሥራ አንድ ሚሊ ማለት አፉ የማይገጥም ሰው ማለት ነው። ግን ይህ ጥርስ አይደለም።

ልወጣ ስል ሽቶው አግኝቶኝ አወራን። ከመጨረሻው በረራው በኋላ ማሽኗን በትንንሽ ጎማዎቿ እየገፋ ያስገባት እሱ ነው፣ እኔ ከመለካቴ በፊት። ይህን የምጽፈው እንዲያው ነው።

ቅዳሜ፣ 38 ሰዓት

ጠዋት መካኒኩ ማሽኗን ራቅ ብሎ አያትና «ይቺ ልጅ ምነው ወገቧን ያዛት?» አለ። ተንበርክኮ ገባ። የቀኝ ማረፊያ እግሯን የሚይዘው ብረት ጎብጧል።

ካፒቴኑ ሁላችንንም ሰበሰበን። መዝገቡን ከበሩ ላይ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ባዶ። ትናንት መጨረሻ ያስገባት ማነው? ሽቶው። ከጎማዋ ላይ ጥለሃታል አለው። ሽቶው «አልጣልኳትም» አለ። «ወይም አሳርፈህ መትተሃታል።» «አልመታሁም። ብመታ እጽፍ ነበር፣ ባለፈው አልጻፍኩም?» ካፒቴኑም «ባለፈው ጽፈህ ምን እንደደረሰብህ ስላየህ ነዋ ያሁኑን ያልጻፍከው» አለው።

ወደ እኔም ዞረ። «እርስዎስ?» አለኝ። «ምንም ብልሽት አላየሁም» አልኩ። ቃል በቃል እውነት ነው።

መካኒኩ አንድ ነገር ተናገረ። «ከጎማ ላይ ወድቃ ከሆነ እግሯን ብቻ ቀይሬ እጨርሳለሁ። ሮተሯ እየዞረ ከላይ ወርዳ ከሆነ ግን የሚያሰጋኝ እግሯ አይደለም፣ አናቷ ነው። ያን ጊዜ ላዩን በሙሉ እፈታለሁ። ሳምንት ይፈጅብኛል። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ።» ሽቶው አሁንም «እኔ አይደለሁም» አለ። ካፒቴኑም ጥፋቱን እስኪያምን ድረስ እንዳይበር ከለከለው። ከፈተናው ዝርዝርም ስሙን ሰረዘው። እግሯ ብቻ ይቀየር ተባለ።

ደሜ ፈላ! ያለ ማስረጃ፣ ያለ ምስክር፣ ሰውን በአደባባይ ውሸታም ማለት ምን የሚሉት ነው? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! እዚህ ቤት ፍርድ የለም። ሽቶው ስለሆነ ነው፣ ወጣት ስለሆነ፣ ሳቂታ ስለሆነ። የመንገዱን ግማሽ በእግሬ ሄድኩ፣ ንዴቱ አልበርድ ብሎኝ።

እሑድ፣ 38 ሰዓት

ልጄ «ፈቃድሽን ባገኘሽ በማግስቱ እንበራለን አይደል?» አለች። «ነፋሱ ይብረድ» አልኳት። «ነፋሱ እኮ የለም እማ።» ትምህርትሽን አጥኚ ብዬ ጮኽኩባት። ሥዕሉን ከማቀዝቀዣው ላይ አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች። የዛሬ ልጆች አንዲት ቃል አይችሉም።

ረቡዕ፣ 40 ሰዓት

እግሯ ተቀየረ። አዲሱ ብረት ቀጥ ያለ ነው፣ ለካሁት። ከካፒቴኑ ጋር ሁለት ሰዓት በረርኩ። «ዛሬ ምን ሆነዋል? አንገትዎን ወደ ላይ ሰቅለው ነው የሚበሩት» አለኝ። እያዳመጥኩ ነበር። ያልተለመደ ድምፅ የለም። ከበፊቱ ትንሽ የምትንቀጠቀጥ መሰለኝ፣ ግን መምሰል ብቻ ነው።

ዛሬ አምስት ሰው በረረባት።

ሐሙስ፣ 42 ሰዓት

ሽቶው የጆሮ ማዳመጫውን ሊወስድ መጣ። ሽቶ አልተቀባም። በሩ ላይ አገኘኝ። «ማዘር፣ አንቺ እንኳ ታምኚኛለሽ አይደል?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት።

ምን እንድለው ፈልጎ ነው? እኔን እዚህ ውስጥ ምን አገባኝ? የራሱን ጉዳይ ከካፒቴኑ ጋር ይጨርስ። ሰው ሁሉ ሸክሙን አምጥቶ እኔ ላይ ማራገፍ ልማዱ ነው። የሚቀጥለው ወቅት ለሱ ይመጣለታል። ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ዕድሜው ሠላሳ አራት ነው። ለእኔ ሰኞ ናት ያለችኝ!

ዛሬ ሰባት።

ቅዳሜ፣ 44 ሰዓት

አዲሱ ተማሪ፣ ያ ለምን ትማሪያለሽ ያለኝ፣ ዛሬ እናቱን ይዞ መጣ። ካፒቴኑ ሴትየዋን አንድ ዙር አስጎበኛት። ቦርሳዋን አቅፋ ገባች፣ እየሳቀች ወረደች። በሩ ላይ ቆሜ እስኪያርፉ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። አላውቅም እንዴት እንደምጽፈው። መሬት ሲነኩ እጄ መዝገቡ ላይ ነበር፣ ሲባጎውን ይዤው።

ያን ሐሙስ ከፍታዋ ጉልበት አልነበረም። ወገብም አይደለም። አንድ ሜትር ይሆናል። ምናልባት ከዚያም በላይ።

ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። አንድ በረራ። አንድ ፊርማ። ከዚያ በኋላ ለመካኒኩ ብቻውን እነግረዋለሁ። ይህ ተገቢ ነው፣ ማንንም አይጎዳም።

ሰኞ፣ 45 ሰዓት

ፈታኙ አጭር ሰውዬ ነው። ብዙ አያወራም። ማሽኗን ዞሬ ስፈትሽ ከኋላዬ ተከተለኝ። እያንዳንዱን ነገር ነካሁ፣ ስሙን ጠራሁ። አንድም አልሳትኩም። እንዲህ ያለ ፍተሻ በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም።

ከዚያ ገብተን ስንቀመጥ ወረቀቱን ሰጠኝ። ከፈተና በፊት አብራሪዋ የምትፈርመው ነው፦ «ይህችን ማሽን መርምሬ፣ የማውቀውን ሁሉ አስታውቄ፣ ለበረራ ብቁ ናት ብዬ ተቀብያታለሁ።» ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ሁሌም የሚፈርመው ካፒቴኑ ነበር። ፈታኙ ቀበቶውን ማሰር ጀመረ። የጋብቻ ቀለበቱ ቀበቶው ላይ ኳ አለ። ልጆች ይኖሩት ይሆን ብዬ አሰብኩ። አልጠየቅሁም።

«የማውቀውን ሁሉ አስታውቄ።» ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው! ማን ጻፈው? እዚያ ተቀምጬ በጻፈው ሰውዬ ተናደድኩ፣ ባላየሁት ሰውዬ።

ወረድኩ። ወደ በሩ ሄድኩ። መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ ሐሙስ፣ ብቻዬን ስበር፣ ሮተሩ እየዞረ፣ ከአንድ ሜትር በላይ ወርጄ በቀኝ እግሯ መሬት መታሁ። አላስታወቅሁም።» ስሜንም ጻፍኩ።

ካፒቴኑ ከኋላዬ ሆኖ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሂጂ ቤትሽ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለኝ።

ረቡዕ፣ 45 ሰዓት

ፈታኙ ሰኞ ዕለት ነው የሄደው፣ ማንንም ሳይፈትን። መካኒኩ ላዩን እየፈታ ነው። ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ዶክተር አላለኝም። «ስንት ሰው ብለሽ ቆጠርሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከየት አወቀ? እሱም ለካ ይቆጥር ነበር። በየቀኑ ማን እንደበረረ የሚጽፈው እሱ ነው። «ሃያ ሦስት ነው፣ ካስጎበኘናት ሴትዮ ጋር» አለኝ።

ቅዳሜ፣ 45 ሰዓት

ምንም አልተገኘም። ምንም! አናቷ ጤነኛ ነው፣ ክንፎቿ ጤነኛ፣ ጅራቷ ጤነኛ። መካኒኩ በመነጽሩም በመብራቱም አይቶ አንዲት ስንጥቅ አጣ። ልጄ ይህን ስትሰማ «ታዲያ ዝም ብትዪስ ኖሮ?» አለችኝ።

ልናደድ ሞከርኩ። እውነቴን ነው፣ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። በካፒቴኑ፣ በሕጉ፣ በዓይን ሐኪሙ፣ በነፋሱ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ልክ መሆን ነው። አንድ ጥርስ በግማሽ ሚሊ ከፍ ቢል ታካሚው ሌሊት ራሱን ያመዋል፣ እኔም መልሼ እሠራዋለሁ። አሥራ አንድ ሚሊ ለክቼ በሲሚንቶው ላይ አሳበብኩ።

የጤና ወረቀቴ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ያበቃል። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ «እንደማይታደስ እናውቃለን፣ ለምን ይደክማሉ?» አለ። ከእንግዲህ እዚህ ደብተር ላይ የሰዓቱ ቁጥር አይለወጥም።

እሑድ፣ 45 ሰዓት

ሽቶው ቤት ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፣ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ቃል ነበረኝ። በሩን እሱ ከፈተ። ግቢ አላለኝም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ አዳመጠኝ። ማዘር አላለኝም።

ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ካፒቴኑ ይቅርታ ጠይቆኛል። ፈተናውም በሚቀጥለው ወቅት አለ። እሱ ግድ የለም። ዘጠኝ ቀን ግን ቤቴ ውስጥ ውሸታም ሆኜ ዋልኩ። ባለቤቴ ማታ ማታ ‹እስቲ ለእኔ ብቻ እውነቱን ንገረኝ› ትለኝ ነበር። ነገርኳት። በማግስቱ ደግሞ ትጠይቀኛለች።»

«ምን ላድርግ?» አልኩት።

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ» አለ። «ለሷ ንገሪያት።»

ጠራት። ዱቄት የነካው እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች። እሱ ወደ ውስጥ ገባና ብቻችንን ተወን። ማሽኗን የመታሁት እኔ ነኝ አልኳት፣ ባልሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እውነቱን ነው የተናገረው፣ እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ። እንድትሰድበኝ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ዓይኔ፣ ስለ ዕድሜዬ፣ ሁሉንም ይዤ ሄጄ ነበር።

አልሰደበችኝም። እኔን እያየች እንኳ አልነበረም፤ ወደ ቤቱ ውስጥ ነበር የምታየው። ፎጣውን አጥፋ፣ እንደገና አጥፋ፣ «ምሎልኝ ነበር» አለች። «በእናቱ ስም ምሎልኝ ነበር። እኔ ግን አላመንኩትም።»